ቫልቮላውን አይንኩት፣ ቅዳሜ እመጣለሁ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

አባባ፣ ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? የእማዬስ ጉልበት ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ “ሞተርሽ መንገድ ላይ ቆመች አሉ” ሲሉኝ “ተሠራች” ብዬ ብቻ ዘጋሁት። ነገሩ ግን እርስዎንም ይመለከታል። በስልክ ብነግርዎ “እሺ፣ እሺ” ብለው እንደሚያልፉት ስለማውቅ ጽፌ በወንድሜ እጅ ልኬዋለሁ።

ማክሰኞ ማታ እንቁላል አድርሼ ከቱሉ ዲምቱ ወደ ኮዬ ፈጬ ስመለስ፣ መታጠፊያው ላይ ሞተሯ ድርግም አለች። መብራት የለ፣ ክላክስ የለ። ከኋላዬ ገልባጭ መኪና እየመጣ ነበር። እየገፋሁ ከአስፋልቱ አወጣኋት። በስልኬ መብራት ሳይ ፊውዙ ተቃጥሏል። መቀየሪያ ይዤ ስለነበር ቀይሬ ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ ጠዋት ከግቢ ወጥቼ ስታጠፍ ያም ተቃጠለ።

ያን ጊዜ እርስዎ ትዝ አሉኝ። ልጆች ሳለን መብራት ሲጠፋ ወንበር ላይ ይወጡና የቤቱን ፊውዝ፣ ቫልቮላውን፣ ይነቅሉ ነበር። ከአሮጌ ገመድ አንድ ክር መዳብ መዝዘው ይጠመጥሙበታል። ባትሪ የማበራልዎ እኔ ነበርኩ። መብራቱ ሲመጣ ሁላችንም እናጨበጭባለን። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። መዳብ ጠምዝዤ ፊውዙ ቦታ ላይ ከተትኩ። ሞተሯ ተነሳች፣ ደስ አለኝ።

አምስት ደቂቃ እንኳ አልሄድኩም። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ወርጄ ሳይ ከሳልባትዮው ሥር ጭስ ይወጣል። አባባ፣ ቤንዚን ከሞላው ሳልባትዮ ሥር! ቁልፉን አጠፋሁ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ የባትሪውን ገመድ ፈታሁ። ከዚያ መንገዱ ዳር ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ሰፈራችን ሞተር የሚሠራ አንድ ልጅ አለ። መጀመሪያ ያቃጠልኳቸውን ሽቦዎች ቀየረልኝ። ቀጥሎ አዲስ ፊውዝ እየከተተ የሚሞክር መስሎኝ ነበር። እሱ ግን አንድ የፍሬን አምፖል በሁለት ሽቦ አስሮ ፊውዙ ቦታ ላይ አገናኘው። 21 ዋት ናት። በ12 ቮልት ከ2 አምፔር በላይ አታሳልፍም። ስለዚህ ኮንታክት ቢኖር፣ ማለት ልባሱ የተላጠ ሽቦ ብረት ቢነካ እንኳ፣ ገመድ አይቀልጥም፣ አምፖሏ ቦግ ትላለች እንጂ። ኮንታክቱ ሲለቅ ደግሞ ትደበዝዛለች። እርስዎ ቢያዩት እንዴት ደስ ባለዎት!

ቁልፉን ከፈተው። አምፖሏ ደብዘዝ ብላ በራች። ፍሬን ያዝኩ፣ ትንሽ ጨመረች እንጂ ቦግ አላለችም። ክላክስና ፍሬቻም ያው ነው። ከኋላው ፓራፋንጎ ሥር ያሉትን ሽቦዎች ነካካ፣ ምንም የለም። ከዚያ መሪውን ወደ ግራ አዞረው። ቦግ! ሲመልሰው ደበዘዘች። ሦስት ጊዜ ደጋገመው።

ለካስ መሪው አንገት ላይ፣ ሽቦዎቹ ታጥፈው በሚያልፉበት ቦታ፣ የአንዷ ልባስ ተፍቆ ብረቱን ትነካለች። መታጠፊያ ላይ የምትጠፋው ለዚህ ነበር። በናስትሮ ጠቀለላት፣ የጎማ ቱቦ አለበሳት፣ ከብረቱ አርቆ አሰራት።

አንድ ጎረቤቴ “20 አምፔር ክተቺበት፣ አይቃጠልም” ብሎኝ ነበር። እውነት ነው፣ ፊውዙ አይቃጠልም። የሚቃጠለው ሽቦው ነው። ፊውዙ የሚመረጠው ሽቦው በሚችለው ልክ ነው። እኔ የሞተሯን፣ ቀዩን 10 አምፔር መልሼ ከተትኩ። እስካሁን ደህና ናት።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። ሰንዳፋ ያለው ቫልቮላ ውስጥ ዛሬም ያ መዳብ አለ አይደል? ያኔ ጥፋት አደረጉ ማለቴ አይደለም። ያኔ ቤታችን ሁለት አምፖልና አንድ ሬዲዮ ብቻ ነበረው። ያ ገመድ ለእነሱ ይበቃ ነበር። አሁን ግን እማዬ የኤሌክትሪክ ምጣድ አላት። ምጣዱ ብቻውን ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይወስዳል። ገመዱ ግን ያው የድሮው ነው፣ በኮርኒሱ ላይ ያለፈው። ቢግል የሚያቋርጥለት የለም። መዳቡ ከፊውዝ ክር ስለሚወፍር ዝም ብሎ ያሳልፋል። ከሳልባትዮው ሥር ያንን ጭስ ካየሁ ወዲህ ሌሊት ሌሊት የምታየኝ እማዬ ናት፣ ምጣዱ አጠገብ ተቀምጣ።

ስለዚህ እባክዎ፣ እስከ ቅዳሜ ምጣዱ አይሰካ። እማዬን እርስዎ ይንገሩልኝ፣ እኔን አትሰማኝም። እንጀራ ከዚህ ገዝቼ በወንድሜ ልኬያለሁ። ቫልቮላውንም ወንበር ላይ ወጥተው እንዳይነኩት፣ እግርዎም እንደድሮው አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ከላምበረት ተሳፍሬ እመጣለሁ። እዚያው ሰንዳፋ ኤሌክትሪሺያን እናስጠራለን። ለምጣዱ ራሱን የቻለ ወፍራም መስመርና ማቋረጫ እንዲዘረጋለት እፈልጋለሁ፣ ገንዘቡን አዘጋጅቻለሁ።

ፒንሳዎ ሳጥኑ ውስጥ ካለ ለማንም አያውሱብኝ። ሰውዬው ሲሠራ አጠገቡ ሆነው እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ፤ ባትሪውን እኔ አበራለሁ።

ልጅዎ፣
ከኮዬ ፈጬ