ለአትሌቲክስ ቡድናችን ተማሪዎችና ወላጆች

ጤና ይስጥልን።

የዘንድሮው ምዝገባ ተጀምሯል። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያላችሁ የልደት ምስክር ወረቀት ኮፒና የወላጅ ፈቃድ ይዛችሁ ኑ።

የልደቱን ነገር አደራ! በዓለም አቀፉ ደንብ ከ18 ዓመት በታች የሚባለው፣ ውድድሩ በሚካሄድበት የፈረንጆች ዓመት እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ 16 ወይም 17 ዓመት የሚሞላው ልጅ ነው። ቆጠራው በእኛ አቆጣጠር ስላልሆነ ሰው ይምታታበታል። ለምሳሌ በጥቅምት 2001 የተወለደው በፈረንጆቹ የ2008 ልጅ ነው። በሚያዝያ 2001 የተወለደችው ግን የ2009 ናት። አንድ ክፍል ቢማሩም የዕድሜ ምድባቸው ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ዕድሜ መቀነስ የሚባለውን ነገር እርሱት። ልጁን ከዕድሜ ምድቡ ውጪ ያሮጠዋል እንጂ አይጠቅመውም።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። ከቆላ አካባቢ የመጣችሁ አዲስ ተማሪዎች መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቢደክማችሁ አትደንግጡ፤ አየሩ ስስ ነው፣ ሰውነት ቀስ እያለ ይለምደዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ቱታ ሳይለብሱ፣ ሳያሟሙቁ ፍጥነት መሥራት ግን ጉዳት መጥራት ነው።

ጫማን በተመለከተ፣ ውድ ስፓይክ ግዙ አንልም። ደህና የመሮጫ ጫማ ይበቃል። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸነፈ የምትሉ አባቶች፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ተጫምቶ እንደሮጠም አስታውሱልን!

ከልምምድ በፊት ልጆቹ ቀለል ያለ ነገር ይቅመሱ። በሶ ጥሩ ነው። ጥያቄ ያለው ወላጅ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የስፖርት መምህሩን ያነጋግር።