ልም አጥንት ቋንጣ አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ባለፈው ሳምንት ስለ ጉልበት ሕመም ያወጣችሁት ዘገባ እዚህ ደሴ፣ በእኛ ሰፈር ቡና ላይ ጮክ ተብሎ ተነቧል። አንድ ቃል ግን እንቅልፍ ነሳኝ። በሽታው የሚጀምረው የመገጣጠሚያው ልም አጥንት (የአጥንቶቹን ጫፍ የሸፈነው ልሙጥ ሽፋን) በእርጅና «ሲደርቅና ሲጠነክር» ነው ብላችኋል። ሲደርቅ? ቋንጣ ነው እንዴ?

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጤነኛ ልም አጥንት 70 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። ውሃውን ስበው የሚይዙ ሞለኪውሎች አሉ፤ እነሱን ደግሞ ኮላጅን የሚባል መረብ ወጥሮ ይዟቸዋል። ስንረግጥ የሚሸከመን ይህ ውጥረት ነው። በሽታው ሲጀምር ሞለኪውሎቹ ይመናመናሉ፣ መረቡ ይላላል። ውሃው እንዲያውም ይጨምራል፤ ሲጫኑት ግን ይሸሻል። እ.ኤ.አ. በ1961 አውተርብሪጅ የተባለ ሐኪም የጉልበት ሎሚን ጉዳት በደረጃ ሲከፍል፣ አንደኛ ያደረገው መለስለስና ማበጥን ነው። መድረቅ የሚል የለበትም።

ጥንካሬውን መለካት የተፈለገውም ለዚህ ነው። ሰኞ ገበያ አቮካዶ ስንገዛ በአውራ ጣት ጫን እናደርግ የለ? (ነጋዴዋ «አትጫኚው!» እያለች።) ያው ነው። ቀጭን መሣሪያ በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ ልም አጥንቱን ይጫናል፤ በምን ያህል ኃይል ምን ያህል እንደሰረጎደ ይነበባል። ቀላል ሥራ አይደለም። ልም አጥንቱ ስስ በሆነበት ቦታ ከሥሩ ያለው አጥንት ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። መሣሪያው ደሴ ይምጣልን አላልኩም፤ ያን ያህል አልቀበጥኩም።

ፎቷችሁስ? ከዘራ የያዙ ሽማግሌ! እኔ 43 ዓመቴ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ 19 ዓመት ቆሜ ሠርቻለሁ። ጉልበቴን ሲያመኝ ራጅ ተነሳሁና «ንጹህ ነው፣ ምንም የለብሽም» ተባልኩ። ራጅ እኮ ልም አጥንትን አያሳይም! የሚያሳየው በአጥንቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ነው። ክፍተቱ እስኪጠብ ከተጠበቀ ደግሞ ብዙው አልቋል። ልም አጥንት ራሱ ነርቭ የለውም፣ የደም ሥርም የለውም። ሲለሰልስ አይጮህም፤ ሲጎዳም እንደ ቁስል ቶሎ አይሽርም። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ «ሥራ ጠልታ ነው» ስባል ከረምኩ። በኋላ አዲስ አበባ ሄጄ ጉልበቴ ውስጥ ካሜራ ሲገባልኝ ሐኪሙ በመንጠቆ ጫን ጫን አድርጎ አየው። «ለስልሷል» ነው ያለኝ።

እናንተ «ደረቀ» ካላችሁ ወዲህ ጎረቤቴ እትዬ ጉልበታቸውን ማታ ማታ በቅቤ ያሻሉ። ይለስልስ ብለው! ቅቤ ስንት እንደገባ ታውቃላችሁ?

እርማቱን ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ፣ በዚያው መጠን አውጡልኝ። ፎቶ ካስፈለጋችሁም ማለዳ ከቧንቧ ውሃ ቁልቁል እያነከስኩ ስወርድ ታገኙኛላችሁ። ከዘራ የለኝም።

ከደሴ፣ አንባቢያችሁ