ስለ ግዢ መዝገባችሁ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ወር ወደ ጦር መሣሪያ መሸጫ ሱቃችን ጎራ ያላችሁ፣ ሁለት የመንግሥት መርማሪዎች ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጠው ወረቀት ሲያገላብጡ ሳታዩ አልቀራችሁም። ከዚያን ጊዜ ወዲህ «መሣሪያ በመግዛቴ ስሜ ዋሽንግተን፣ ፌዴራሉ መንግሥት ዘንድ ደረሰ ወይ?» የሚለው ጥያቄ በርክቶብናል። አልደረሰም። ነገሩን ግን እናስረዳ።

የመጡት የአልኮል፣ የትምባሆ፣ የጦር መሣሪያና የፈንጂ ቢሮ (ኤቲኤፍ) ሠራተኞች ናቸው። የአሜሪካ ሕግ በ12 ወር ውስጥ አንድ ጊዜ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መዝገባችንን እንዲፈትሹ ይፈቅድላቸዋል። በመደርደሪያው ላይ ያለውን መሣሪያ የገባውንና የወጣውን ከምንጽፍበት መዝገባችን፣ መዝገቡን ደግሞ እናንተ ከሞላችሁት ቅጽ ጋር አመሳክረው ሄደዋል።

ያ ቅጽ 4473 ይባላል። ስማችሁን፣ የመኖሪያ አድራሻችሁን (የፖስታ ሣጥን ቁጥር አይበቃም) እና ፊርማችሁን የያዘ ነው። የሚቀመጠው እዚሁ፣ በተቆለፈው ቁም ሣጥናችን ውስጥ ነው። ቀድሞ 20 ዓመት ካቆየነው በቂ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ግን ሱቁ እስካለ ድረስ እንድንይዘው ታዘናል። ቁም ሣጥኑ መጥበቡን ማን ይስማን!

ለወንጀል ታሪክ ማጣሪያ ወደ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ (ኤፍ ቢ አይ) የምንልከው መረጃ ሌላ ነው። ግዢው ከተፈቀደ ማንነታችሁን የሚገልጸው መረጃ በ24 ሰዓት ውስጥ ከዚያ መጥፋት አለበት። የተከለከለ ሰው መረጃ ግን ይቆያል።

ታዲያ ፖሊስ ወንጀል የተፈጸመበት ቦታ ሽጉጥ ቢያገኝ ባለቤቱን እንዴት ይደርስበታል? የፌዴራሉ መንግሥት የተራ መሣሪያ ባለቤቶችን ስም የያዘ መዝገብ እንዳያቋቁም እ.ኤ.አ. የ1986ቱ ሕግ ከልክሎታል። ስለዚህ ፍለጋው የሚነሣው ከሰው ሳይሆን ከብረቱ ነው። ዌስት ቨርጂኒያ፣ ማርቲንስበርግ ያለው የኤቲኤፍ ማዕከል በመለያ ቁጥሩ ፋብሪካውን ይጠይቃል፤ ፋብሪካው አከፋፋዩን፣ አከፋፋዩ እኛን ይጠቁማል። ስልኩ እኛ ዘንድ ሲደወል ለመልስ ያለን 24 ሰዓት ነው። መዝገቡን ገልጠን፣ ጣታችንን በቁጥሮቹ ላይ እያሳለፍን ወርደን፣ ቅጹን አውጥተን የመጀመሪያውን ገዢ ስም እንናገራለን።

የእኛ ወረቀት እዚያ ያበቃል። መሣሪያውን ለሌላ ሰው ሸጣችሁ ከሆነም መርማሪው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእናንተን በር ነው። ለማን፣ መቼ እንደሸጣችሁ ጽፋችሁ ያዙ፤ ቢቻል ሽያጩን በእኛ በኩል አድርጉት። ዘመድ ገንዘብ ሰጥቶ «በስምህ ግዛልኝ» ካለ ደግሞ እምቢ በሉት። ይሉኝታ የሚያስገባ ጉዳይ አይደለም፤ በቅጹ ላይ ትክክለኛው ገዢ እኔ ነኝ ብሎ መዋሸት የፌዴራል ወንጀል ነው።

ስም ወደ መንግሥት የሚደርስበት ጊዜም አለ። በአምስት ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ሽጉጥ ስለገዛ ሰው ለኤቲኤፍ ሪፖርት እናደርጋለን። መትረየስና የድምፅ ማፈኛም እ.ኤ.አ. ከ1934ቱ ሕግ ጀምሮ በባለቤቱ ስም ይመዘገባሉ። እንደ ሃዋይ ያሉ ግዛቶች የራሳቸው ምዝገባ አላቸው።

ሱቁ ቢዘጋ ወረቀቶቹ ወደ ኤቲኤፍ ይላካሉ፤ እዚያም በሰው ስም ፈልጎ ማውጣት የማይቻልባቸው የወረቀት ምስሎች ሆነው ይቀመጣሉ። ለጊዜው የመዝጋት ሐሳብ የለንም።

መሣሪያ ቢሰረቅባችሁ ፖሊስ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ የመለያ ቁጥሩን ነው። ቁጥሩን በቤታችሁ ያላስቀመጣችሁ መታወቂያ ይዛችሁ ኑ፤ ከቅጻችሁ ላይ ገልብጠን እንሰጣችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤትና ሠራተኞች