ለምርምር ተቋሙ መጀመሪያ ጊዜ ስጡት

ለአዘጋጁ፦

ዩኒቨርሲቲዎች የተለያዩ ሙያዎችን አንድ ላይ የሚያሠሩ የከፍተኛ ምርምር ተቋማት መክፈታቸውን ደግፋችሁ የጻፋችሁትን አነበብኩ። ሐሳቡን እኔም እወደዋለሁ። ግን ጽሑፉ ስለ ሕንፃውና ስለ ቤተ ሙከራው ብዙ አውርቶ፣ እዚያ ገብተው ስለሚሠሩት ሰዎች ጊዜ አንድም ነገር ሳይል አለቀ። ቅር ያለኝ እሱ ነው።

ጎርፍ የሚያጠና ቡድን ውስጥ ሠርቻለሁ። አራት ነበርን፤ የውሃ መሐንዲስ፣ የሶሲዮሎጂ ባለሙያ፣ ሐኪምና እኔ የስታትስቲክስ ሰው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት የፈጀነው "ስጋት" በምትል አንዲት ቃል ነው። መሐንዲሱ ስጋት ሲል ጎርፉ የመምጣት ዕድሉ ስንት ነው፣ ቢመጣስ ምን ያህል ያወድማል ማለቱ ነው፤ በቁጥር ያስቀምጠዋል። የሶሲዮሎጂ ባለሙያዋ ደግሞ ስጋት ስትል ወንዝ ዳር የሚኖረው ሰው ማታ ሲተኛ የሚፈራውን ማለቷ ነው። ሁለቱም ሰሌዳው ላይ ያቺኑ ቃል ይጽፋሉ፣ ሁለቱም ራሳቸውን እየነቀነቁ ይስማማሉ፣ ግን አልተግባቡም። አራተኛው ሳምንት ላይ መሐንዲሱ ካርታው ላይ ስጋት የለበትም ብሎ አረንጓዴ የቀባውን ሰፈር እያየች "እዚህ ያሉት ሰዎች እኮ ዝናብ ሲጠቁር ልጆቻቸውን ዘመድ ቤት ነው የሚልኩት" አለችው። ዝም አለ። ለካ ሰዎቹ የሚያውቁት፣ መረጃችን ውስጥ ያልገባ ትንሽ ገባር ወንዝ ነበረ። ካርታውን እንደገና ሠራነው።

ይሄ በአንድ ቀን ዐውደ ጥናት አይመጣም። አብሮ መክረም ይፈልጋል።

የተሳካላቸው ተቋማት ይሄንን ያውቁታል። ጀርመን ውስጥ ቢሌፌልድ ዩኒቨርሲቲ ያለው የዘርፈ ብዙ ምርምር ማዕከል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ከመከፈቱ አንድ ዓመት ቀድሞ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ራይንሃርድ ዜልተን የመራው የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ (ሰዎች አንዱ የሌላውን እርምጃ እያሰበ እንዴት እንደሚወስን የሚያጠና ዘርፍ) ቡድን የተሰበሰበው እዚያ ነው፤ ኤሊኖር ኦስትሮምም ከቡድኑ ጋር ሠርታለች። እሱ የሒሳብና የኢኮኖሚክስ ሰው፣ እሷ ሰዎች የጋራ ደናቸውንና የመስኖ ውሃቸውን ራሳቸው እንዴት እንደሚያስተዳድሩ የምታጠና የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር። እሱ በ1994፣ እሷ በ2009 በኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸለሙ። ሽልማቱ ከዚያ ማዕከል ወጣ እያልኩ አይደለም። ግን እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው የሚያወሩበት ጊዜና ቦታ ሆን ተብሎ ተዘጋጅቶላቸው ነበር። የሃርቫርዱ ራድክሊፍ ተቋምም በየዓመቱ 50 ገደማ ሳይንቲስቶችን፣ ደራስያንንና አርቲስቶችን ጎን ለጎን ያሠራል።

የእኛ ቡድን መሐንዲስ ግን የሚመጣው ሙሉ የማስተማር ጭነቱን ተሸክሞ ነው። ማታ ማታ፣ ደክሞት፣ ያልታረመ የፈተና ወረቀት ይዞ። የደከምንበት ጽሑፍ ታትሞ ወጥቶ ለደረጃ ዕድገት ሳስገባው ደግሞ ኮሚቴው "መጽሔቱ የስታትስቲክስ አይደለም፣ ያንተም ድርሻ ሩብ ነው" ብሎ ነጥቤን ቀነሰው። ብቻዬን ተቀምጬ የጻፍኳት አጭር ጽሑፍ ሙሉ ነጥብ አገኘች። የጎርፉ ሥራ ግን ከዚያችኛዋ በብዙ እጥፍ ይከብድ ነበር፣ ለሰውም ይበልጥ ይጠቅም ነበር። ይሄን ያየ ወጣት መምህር ሁለተኛ ቡድን ውስጥ ለምን ይገባል? አንዱ ባልደረባዬ ስጋብዘው "ዕድገቴን ካገኘሁ በኋላ" አለኝ። አልፈረድኩበትም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቀጣዩን የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ስታነጋግሩ፣ አዲሱ ተቋም ውስጥ የሚገባ መምህር ስንት ኮርስ እንደሚቀነስለትና በጋራ የሠራውን ሥራ ለዕድገት የሚገመግመው ማን እንደሆነ ጠይቁልን። መልሱንም ሳታሳጥሩ አውጡት።

አንድ የስታትስቲክስ መምህር