«እና ሌሎች» አባቴ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አጀማመር ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ በደስታ፣ አንዴ በንዴት።

ቀኑን አልሳታችሁም። ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የንጉሡ የዘውድ በዓል። ከማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ እንደተጀመረም ጽፋችኋል። ቶምሰን የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ማገዙንም አልዘነጋችሁም። ፈረንጁን ማን ይረሳል!

የኔ ጉዳይ ከፎቶው ሥር ያለችው መስመር ናት። «ታዋቂው ዜና አንባቢ እና ሌሎች» ትላለች። ሌሎቹ አምስት ናቸው። ከግራ ሁለተኛው፣ ነጭ ጋውን የለበሰውና እጁን ኪሱ የከተተው፣ አባቴ ነው።

እጁን የደበቀው ለፎቶ ማማር አይደለም። ጣቶቹ በኬሚካል ቡኒ ሆነው ስለነበር ያፍርባቸው ነበር። አባዬ ፊልም አጣቢ ነበር። ማታ ቤት ሲገባ ከሱ በፊት የሆምጣጤ ሽታው ይገባል። እማዬ «እጅህን ታጠብ» ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ «ቀኑን ሙሉ ስታጠብ ነው የዋልኩት» ይላታል። ኪሱ ውስጥ ቁርጥራጭ ፊልም አይጠፋም። እኛ ልጆቹ አምፖሉ ላይ ይዘን እያየን የሚኒስትር ጺም እንቆጥር ነበር። ቴሌቪዥን የሚባለውን ዕቃ ግን የምናየው ጎረቤት መስኮት ላይ ተንጠልጥለን ነው። ፊልሙን የሚያጥበው ሰው ቤት ቴሌቪዥን አልነበረም።

አሁን ወደ ጽሑፋችሁ። ጸሐፊው «በዚያ ዘመን ስርጭቱ ቀጥታ ስለነበር ከካሜራ ጀርባ ብዙ ሰው አይጠይቅም ነበር» ይላል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ «እና ሌሎች»ን የወለደችው ይቺ ዓረፍተ ነገር ናትና።

ቀጥታ ስርጭት ሰው አያስፈልገውም ማለት፣ ድግሱ ትኩስ ስለሆነ ወጥ ቤት አያስፈልግም እንደማለት ነው። ተቀርጾ የሚተላለፍ ዝግጅት ከተበላሸ ይደገማል። ቀጥታው አይደገምም። መብራቱ ቢጠፋ፣ ድምፁ ቢቆረጥ የሚደርስለት ሰው እዚያው መቆም አለበት።

ደግሞስ ዜናው ሁሉ መቼ ቀጥታ ሆነ? አንባቢው ቀጥታ ያነባል። ከንባቡ ጋር የሚታየው የጉብኝትና የምረቃ ምስል ግን የሚቀረጸው በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ነበር። የአንድ ደቂቃ ምስል 11 ሜትር ያህል ይረዝማል። የሦስት ደቂቃ ዜና 33 ሜትር ፊልም ነው እንግዲህ። ይህ ሁሉ በጨለማ ክፍል ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ በመቀስ ተቆርጦ ይጣበቃል፣ ከዚያ ነው አየር ላይ የሚወጣው። ካሜራማኑ አርፍዶ ከመጣ ደግሞ የማታው ዜና ሰዓት እሱን አይጠብቅም። አባዬ ጨለማው ውስጥ ሆኖ ደቂቃውን በአፉ ይቆጥር ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ እንኳ ሻይ ሲፈላ ይቆጥራል።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ስለታየው የወሎ ረሃብ ፊልም ጥሩ አድርጋችሁ ጽፋችኋል። የእንግሊዛዊውን ጋዜጠኛ የዲምብልቢን ስም ጠርታችኋል። ደርግን ጠርታችኋል። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። የተራበው ሕዝብ ምስል ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር «እየተቀላቀለ ቀረበ» ብላችኋል። እየተቀላቀለ! ፊልም መቼም ወጥ አይደለም፣ ብቻውን አይቀላቀልም። መቀስ የያዘ እጅ ነበረ። የአባቴ እጅ ነው አላልኩም፣ የሱ ሥራ ማጠብ ነበር። ግን የአንድ ሰው እጅ ነው። ያ ሰውስ የት ገባ? እሱም «ሌሎች» ውስጥ ነው።

አባባ ተስፋዬ ግማሽ ገጽ ማግኘታቸው ደስ ብሎኛል። ሲያንሳቸው ነው። ከ40 ዓመት በላይ ልጆችን ሰብስበው ተረት ያወሩ ሰው ናቸው። ያን ሁሉ ዓመት ግን ማይክሮፎኑን ማን ሰካ? ፉሪ ተራራ ላይ በዚያ ብርድ ማሰራጫ ሲጠብቅ ያደረውስ? በ1977 ቀለም ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ጉድ አለ። አባዬ ብቻ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ቪዲዮው ፊልሙን እየተካው ሄደ፣ እሱም የሚያጥበው አጣ።

ይህን ሁሉ እንኳ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ሌላ ነው። ፎቶው የኔ ነው! ጋዜጠኛችሁ ደውሎ «ለታሪክ» ብሎ ሲለምነኝ፣ ከእማዬ ሳጥን አውጥቼ በእጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ጀርባው ላይ አባዬ በእርሳስ የስድስቱንም ስም ከግራ ወደ ቀኝ ጽፏል፣ ከነሥራቸው። «ጀርባውን እየው» ብዬዋለሁ። «አይዞሽ እማማ» አለኝ። ገና እማማ የሚያሰኝ ዕድሜ ላይ አልደረስኩም፣ እሱንም ይቅር ብዬዋለሁ።

ስደውል ምን ተባልኩ? «የቦታ ጥበት ነው።» አምስት ስም አንድ መስመር ተኩል አይሞላም። ከፎቶው ጎን ያለው የፍራሽ ማስታወቂያ ግን ሩብ ገጽ ይዟል። ፍራሹ ስሙ በትልቁ ተጽፏል።

ስሞቹን በሌላ ወረቀት ገልብጬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬአለሁ። ማረሚያውን እዚያው ገጽ ላይ፣ ከፎቶው ጋር አውጡት። ፎቶውንም መልሱልኝ፤ ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ስትመልሱት እግረ መንገዳችሁን ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት።

የፊልም አጣቢው ልጅ
ከአዲስ አበባ