በሐዘኔ ወራት ላልተለያችሁኝ የደሴና የኮምቦልቻ ወዳጆቼ የቀረበ ምስጋና

ውድ ባለቤቴ ባለፈው ክረምት በሞት በተለየችኝ ጊዜ በቀብሯ ላይ በመገኘት፣ ቤቴ ድረስ በመምጣትና ከሩቅም በስልክ በመደወል ላጽናናችሁኝ ዘመዶቼ፣ ጎረቤቶቼና ደንበኞቼ ሁሉ እግዚአብሔር ውለታችሁን ይክፈልልኝ። ድንኳን ተክሎ፣ ንፍሮ ቀቅሎና ውኃ ቀድቶ ከአጠገባችን ላልጠፋው፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድነት ለሚተዳደሩበት የሰፈራችን ቅሬም ምስጋናዬ የላቀ ነው። ይህን ዛሬ በዋናነት የምጽፈው ግን ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ስለነበሩት ወራት ነው።

ለቅሶ ደራሹ ሲበተን ከአልጋ መነሣት አቃተኝ። ፒያሳ አካባቢ ያለችው የልብስ ስፌት ሱቄ ተዘግታ ከረመች፤ የሰው ጨርቅ ተቆርጦ ሳይሰፋ ተቀመጠ፤ የደሴ ጭጋግ መስኮቱን ሲሸፍነው ይንጋ አይንጋ ለማወቅ እንኳ አልጓጓም ነበር። «አይዞህ፣ በርታ» ያላችሁኝ ከልባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ ከተኛሁበት ያነሡኝ ትንንሽ ሥራ የሰጡኝ ሰዎች ናቸው።

ከእነዚህም አስቀድሜ የማመሰግነው ግድግዳ የምንጋራቸውን እናት ነው። እኒህ እናት ሊያጽናኑኝ አልመጡም፤ «ልጄ፣ እጄን ቁርጥማት ይዞኛልና ቡናዬን መጥተህ ውቀጥልኝ» ብለው ላኩብኝ። እምቢ የሚባሉ ሰው ስላልሆኑ ፊቴን ታጥቤ፣ ሸሚዜን ቀይሬ ሄድሁ። ሙቀጫውን በጉልበቶቼ መካከል ይዤ፣ ገና ከምጣድ የወረደውን ቡና ስወቅጥ ሽታው አፍንጫዬን ሞላውና ከስንት ጊዜ በኋላ ረኃብ ተሰማኝ። አቦሉን ጠጥቼ ልነሣ ስል «በረካው ሳይጠጣ የት ልትሄድ ነው?» ብለው አስቀመጡኝ፤ ዱዓውም ተደርጎ፣ «አብሽር ልጄ፣ ነገም ናልኝ» ተብዬ ተመለስሁ። ስለ ቁርጥማቱ እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ፤ በማግሥቱ በዚያው እጃቸው ድንጋይ ወርውረው የጎረቤት ፍየል ሲያባርሩ አይቻቸዋለሁና።

ለኮምቦልቻዋ የባለቤቴ እህትም ምስጋናዬ ይድረስ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርጄ እሷ ዘንድ በሰነበትሁ ጊዜ፣ ጠዋት ጠዋት ወንበር ፀሐይ ላይ እያወጣች ምስር ታስለቅመኝ ነበር፤ የራሷም ሐዘን ከእኔ የማያንስ ሆኖ ሳለ።

ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ እንድሄድ የወተወተኝንና አብሮኝ የሄደውን የወንድሜን ልጅ፣ እንዲሁም በትዕግሥት ያዳመጡኝን ባለሙያ አመሰግናለሁ። ማዘን በራሱ በሽታ እንዳልሆነ፣ ነገር ግን ድብርቱ ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ሲከርም፣ እንቅልፍና ምግብ ሲዘጋ፣ ይወዱት የነበረው ሁሉ ሲያስጠላ ለሐኪም መታየት እንደሚገባ የተረዳሁት ከእሳቸው ነው። ስሜቴ እስኪስተካከል ጠብቄ ወደ ሥራ ልመለስ ማለቴ ነገሩን እንደሚያስረዝመው፣ ሰው ሲተኛ ድካሙ እንደሚብስ፣ ትንሽም ቢሆን የሚጠቅም ነገር ሲሠራ ግን ስሜቱ ከኋላ እየተከተለ እንደሚመጣ አስረዱኝ። በየቀኑ ያንኑ ሰዓት ጠብቄ መነሣትን፣ ወዲያውም ወደ ብርሃን መውጣትን አዘዙኝ፤ የጠዋት ብርሃን በዓይን ሲገባ የሰውነትን ሰዓት እያስተካከለ የሌሊቱን እንቅልፍ ያግዛልና። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንደሚመክርም ነግረውኝ፣ የወንድሜ ልጅ በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ከፋፍሎ ወደ ጦሳ ተራራ በኩል ያስወጣኝ ጀመር። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በተቀመጠችው ከተማችን ዳገት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

በሱቁ የሚያግዘኝ ልጅ ደግሞ «ሱቁን እንክፈት» ብሎ አንድም ቀን አልጨቀጨቀኝም። አንድ ከሰዓት በኋላ የተማሪ ሱሪ በፌስታል ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ይቺን ዚፕ ብቻ» አለኝ። አሮጌውን ዚፕ በምላጭ ፈትቼ፣ አዲሱን በመርፌ ወስውሼ እስክጨርስ ድረስ ሌላ ነገር እንዳላሰብሁ ያወቅሁት ሱሪውን አጣጥፌ ስሰጠው ነበር። በማግሥቱ የቀሚስ ጠርዝ አመጣ፤ ቀጥሎ ሸሚዝ። ስፌቱ መኪና የሚፈልግ ሲሆን ሱቁ ድረስ ሄድሁና ሲንጀሬን ጠርጌ፣ ዘይት አጠጥቼ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ሠርቼ ተመለስሁ።

ቀብድ ሰጥታችሁ ጨርቃችሁን ሳትጠይቁ ለወራት የጠበቃችሁ ደንበኞቼ፣ ትዕግሥታችሁን አልረሳውም። ከሐዘኔ በፊት ተቆርጦ የነበረው ልብስ ሁሉ ተሰፍቶ አልቋል። ሱቁ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ስለሆነ መጥታችሁ እንድትለኩትና እንድትረከቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ቀሪ ሂሳብ አልቀበልም።

አክባሪያችሁ፣
ልብስ ሰፊው፣ ከደሴ