ኪኒኗ የአንድ ሌሊት ናት

የኔ ጌታ፣

እህትህ ነግራኛለች፤ አትቆጣት። ሆድህ ከደረቀ መሰንበቱን፣ አሁን አሁንማ ቢሳኮዲል የሚሏትን የሚያስቀምጥ ኪኒን ሳትውጥ እንደማትተኛ ሰማሁ። በስልክ ባነሳብህ ወሬ እንደምትቀይር ስለማውቅ ጻፍኩልህ። ፋርማሲያችን የሚመጡት ወንዶችም እንዳንተው ናቸው። ዙሪያቸውን አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለባለቤቴ ነው» ይሉኛል።

መድኃኒቱ መጥፎ አይደለም። የትልቁን አንጀት ጡንቻ ይቀሰቅሳል፣ ውኃም ወደ አንጀት እንዲገባ ያደርጋል። ማታ የዋጥከው ከ6 እስከ 12 ሰዓታት ቆይቶ ይሠራልና ጠዋት ትገላገላለህ። ጣጣው የሚመጣው በማግስቱ ነው። አንጀትህ ታጥቦ ወጥቷል፤ እንደገና እስኪሞላ ሁለት ሦስት ቀን ሊፈጅበት ይችላል። አንተ ግን «ዛሬም የለም» ብለህ ትደነግጥና ሌላ ትደግማለህ። ባዶ አንጀት ምን ያወጣል? ቁርጠትና ውኃ ነዋ! ከዚያ «ያለ ኪኒን አልችልም» ማለት ይመጣል። ደግሞ በየቀኑ መውጣት አለብኝ ያለህ ማነው? በሳምንት ሦስት ጊዜ ሳያምጥ የሚወጣ ሰውም ጤነኛ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ አትውጥ። ሁለት ሦስት ቀን ታገሥ። ወደፊት የግድ ካስፈለገህ ከ5 ሚሊግራሟ አንዷን፣ ቢበዛ ሁለት፣ ስትተኛ በውኃ ዋጥ። አትስበራት፣ አታኝካት። ላይዋ ላይ የምታየው ሽፋን የተሠራው ጨጓራ ውስጥ እንዳይሟሟ፣ አንጀት ሲደርስ ብቻ እንዲከፈት ነው። ወተት ቀድሞ ያሟሟዋል። እናንተ ሐረሮች ደግሞ ሻይ በወተት ሳትሉ አታመሹም፤ እንግዲህ በወተቱና በኪኒኗ መካከል ቢያንስ አንድ ሰዓት ይሁን። ለቃር የምትወስደው የጨጓራ መድኃኒትም እንደዚሁ።

ሰናመኪ ቅጠል ነው ብለህ እንዳትዘናጋ። እሱም አንጀት ቀስቃሽ ነው፣ የዚያችው የኪኒኗ ዘመድ። ከፋርማሲ የገዛኸው መጠኑ ተጽፎበታል፤ በእፍኝ ተለክቶ የተፈላውን ግን ምን ያህል እንደጠጣህ አታውቀውም። ሁለቱን አንድ ላይ አትውሰድ። ሰናመኪ ሽንትህን ወደ ቀይ ወይ ቡናማ ቢቀይረው አትደንግጥ፣ ስታቆም ይጠፋል።

አሁን ወደ ራስህ ልምጣ። በርጫ ላይ ሰባት ዓይነት ምክንያት እንዳለህ አውቃለሁ፣ አልጨቃጨቅህም። ግን ጫት ራሱ ሆድ ያደርቃል፣ የምግብ ፍላጎትም ይዘጋል። ምሳ ሳትበላ፣ በለስላሳ ብቻ ስታመሽ አንጀትህ ምን ይዞ ይወጣል? የግቢያችሁ ሽንት ቤት ጠዋት ሰልፍ ነው ብለህ መያዝህም ሌላ ጥፋት ነው። የተያዘ ነገር ውኃው እየተመጠጠ ይደርቃል። ከቁርስ በኋላ አንጀት በራሱ ይነቃል፤ ያን ሰዓት አታሳልፈው። ቁርስህን ፉል አድርገው፣ ፓፓያ ብላ፣ ማታ ተልባ በጥብጠህ ጠጣ። ውኃ ካልጨመርክበት ግን ተልባውም ራሱ ይደርቅብሃል።

እነዚህን ደግሞ ልብ በል። ሆድህን ክፉኛ ከቆረጠህ፣ ካስመለሰህ፣ ከተነፋህና ፈስ እንኳ አልወጣ ካለህ ምንም ዓይነት የሚያስቀምጥ ነገር አትውሰድ። አንጀት ተዘግቶ ወይም ትርፍ አንጀት ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል። ቀጥታ ሆስፒታል። ደም ካየህ ወይም ሳታውቀው ከከሳህም ለሐኪም አሳይ። ከአንድ ሳምንት በላይ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ቢሳኮዲል ላይ መሰንበትም አይገባህም። ፖታሲየም የሚባለውን ጨው ከሰውነት እያጠበ ያወጣል።

ለዚህ ነው ያቺን የተረፈች እሽግ ለአያትህ እንዳትሰጥ የምለምንህ። ባለፈው «ለእኔም አምጣልኝ» ስትልህ ሰምቻታለሁ። እሷ ለግፊቷ የሚያሸና ኪኒን ትወስዳለች፣ እሱም ፖታሲየም ይቀንሳል። ሁለቱ ሲደራረቡ ልቧን ይረብሹታል። ሆዷ ከደረቀ ለእኔ ትንገረኝ፤ ከሐኪሟ ጋር ተነጋግሬ የሚስማማትን አመጣላታለሁ።

እናትህ፣ ከድሬ